አይማክስ ቢ6 ቻርጀር ለድሮን ባትሪ፦ ሲሞላ ይመሰገናል፣ ሲያወርድ ያስጠብቃል

አራት ቁልፍ፣ ሁለት መስመር ብቻ የሚጽፍ ትንሽ ስክሪን፣ በጎኑ የተደረደሩ የባላንስ (የሴል ማመጣጠኛ) ሶኬቶች። ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ የሚያውቅ ሰው የስካይአርሲ ኩባንያን አይማክስ ቢ6 ከሩቁ ይለየዋል። የብዙ ጀማሪ ድሮን አብራሪ የመጀመሪያ ቻርጀር እሱ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው «በስንት ደቂቃ ይሞላል?» ተብሎ ነው፤ እዚህ ግን ይህ ጥያቄ ሁለተኛ ነው። የድሮን ባትሪ አየር ላይ የሚቆየው ለደቂቃዎች ነው፤ የቀረውን ዕድሜውን የሚፈጀው ተቀምጦ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት፣ ቻርጀሩ ባትሪውን ለመቀመጥ በሚስማማው ቮልት ላይ ቶሎ ሊያደርስልን ይችላል ወይ የሚለው ነው። ቢ6 የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው።

ቁጥሮቹን እንያቸው። የመጀመሪያው ቢ6 ከ1 እስከ 6 ሴል (ባትሪው የተሠራባቸው ነጠላ ክፍሎች) ያለው ሊፖ ይሞላል። ከ0.1 እስከ 5 አምፔር ይሰጣል፤ ጉልበቱ ግን 50 ዋት ላይ ይቆማል። ሲያወርድ፣ ማለትም ከባትሪው ኃይል ሲያወጣ፣ ከ1 አምፔርና ከ5 ዋት አያልፍም። ሴሎችን ሲያመጣጥን ከፍ ካለው ሴል ላይ እስከ 300 ሚሊአምፔር ያፈሳል። ካርቶኑ ላይ «5 አምፔር» የሚለውን ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው በ50 ዋቱ ይሸወዳል። 4ኤስ (አራት ሴል በተከታታይ) 1500 ሚሊአምፔር ሰዓት ባትሪ በ1ሲ ሲሞላ፣ ማለትም አቅሙን በአንድ ሰዓት በሚሞላ 1.5 አምፔር፣ መጨረሻው ላይ 16.8 ቮልት ሲባዛ በ1.5፣ 25 ዋት ገደማ ነው የሚፈልገው። ይህ ለቢ6 ቀላል ሥራ ነው። 6ኤስ 5000 ግን በ1ሲ ለመሙላት 126 ዋት ይጠይቃል። ቻርጀሩ ስህተት ብሎ አይጮህም፤ ዝም ብሎ ወደ 2 አምፔር ይወርድና አንድ ሰዓት ይፈጃል የተባለው ሥራ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ይወስዳል።

ይኸው ቀርፋፋነት ሌላ ጣጣ ያስከትላል። ከፋብሪካ ሲወጣ የደኅንነት ሰዓቱ 120 ደቂቃ ላይ፣ የመጠን ገደቡ ደግሞ 5000 ሚሊአምፔር ሰዓት ላይ ተቀምጧል። ትልቅ ባትሪ እየሞላ 120ኛው ደቂቃ ሲደርስ ቻርጀሩ ያቆማል፤ ባለቤቱ የማለቂያውን ድምፅ ሰምቶ ሞልቷል ብሎ ይነቅለዋል። ሴሎቹ ግን ገና 4.1 ቮልት አካባቢ ናቸው፣ መመጣጠናቸውም አላለቀም። መፍትሔው ሰዓቱን ለትልልቅ ባትሪዎች ማስረዘም ነው። ጨርሶ ማጥፋቱ አይመከርም፤ አንድ ሴል ሞቶ ቻርጀሩ ማለቂያ የሌለው ሙሌት ውስጥ ሲገባ የሚያድነን ይህ ሰዓት ነውና።

ቢ6 ግድግዳ ላይ ካለው ሶኬት በቀጥታ አይሠራም፤ ከ11 እስከ 18 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። የግድግዳ መብራት የሚቀበለው ቢ6ኤሲ የሚባለው ነው። 50 ዋት ለማውጣት የሚባክነውን ጨምሮ 60 ዋት ገደማ ስለሚስብ፣ 12 ቮልት 5 አምፔር ያለው አዳፕተር ዝቅተኛው ነው። የአሮጌ ራውተር አዳፕተር ቮልቱ 12 ስለሆነ ብቻ ይሠራል ብለው የሚሰኩ አሉ። ቻርጀሩ ይበራል፣ ባትሪውንም ያውቀዋል፤ አምፔሩ ከፍ ማለት ሲጀምር ግን አዳፕተሩ ይደክምና ቮልቱ ይወርዳል፣ የመግቢያ ቮልት ስህተት ይመጣል። ቻርጀሩ ተበላሽቷል ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚታማው በአዳፕተሩ ጥፋት ነው።

አሰካኩ ቅደም ተከተል አለው፤ እዚህ ላይ መቸኮል ብልጭታ ያመጣል። ከቢ6 ኤሌክትሪክ የሚወጣው በሁለት ባናና ፒኖች ነው፤ የገመዱ ሌላኛው ጫፍ ባትሪው የሚሰካበት ኤክስቲ60 የሚባለው ማገናኛ ነው። ሁልጊዜ መጀመሪያ ባናናዎቹን ቀዩን በቀይ፣ ጥቁሩን በጥቁር ቻርጀሩ ላይ ሰኩ፤ ከዚያ በኋላ ባትሪውን። በተገላቢጦሽ ከሆነ ባትሪው የተያያዘበት ገመድ ሁለቱ ራቁት ባናናዎች ጠረጴዛ ላይ ተንጠልጥለው ይቀራሉ፤ ከተነካኩ ሾርት ነው። ሊፖ ደግሞ ሾርት ሲሆን አያመነታም፤ በመቶ የሚቆጠር አምፔር በቅጽበት ይለቃል። ሲነቀልም በተገላቢጦሽ፣ መጀመሪያ ባትሪው፣ ባናናዎቹ በመጨረሻ።

ቀጥሎ ነጩ የባላንስ ገመድ። 4ኤስ ባትሪ አምስት ቀጫጭን ሽቦ አለው፣ ሶኬቱም ጄኤስቲ-ኤክስኤች ነው፤ ከሴሉ ቁጥር ጋር የሚገጥመው ሶኬት ውስጥ በመሪው በኩል ሳትገፉት ይገባል። ከገፋችሁት ቦታው አይደለም። ሲነቀል ሽቦውን መሳብ የተለመደ ስህተት ነው፤ ሽቦው ከፒኑ ይላቀቅና ያ ሴል ከዚያ በኋላ አይነበብም። ነጩን ፕላስቲክ በጥፍር ይዞ ማውጣት ይሻላል።

ሜኑው ላይ ሊፖ ባላንስ የሚለውን ምረጡ። ሊፖ ቻርጅና ፋስት ቻርጅ የሚሉትን ለድሮን ባትሪ እርሷቸው፤ ሴሎቹን ሳያመጣጥኑ ወይም ሳይጨርሱ ነው የሚያቆሙት። አምፔሩን ባትሪው ላይ የተጻፈውን ሚሊአምፔር ሰዓት በ1000 አካፍላችሁ አስገቡ፦ 1300 ከሆነ 1.3፣ 2200 ከሆነ 2.2። የሴሉን ቁጥርም አስገቡና የማስጀመሪያውን (ስታርት) ቁልፍ ሦስት ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ። ስክሪኑ ላይ ሁለት ቁጥሮች ይመጣሉ፤ አንደኛው ቻርጀሩ ራሱ ያወቀው የሴል ብዛት ነው፣ ሌላው እናንተ ያስገባችሁት። ካልተስማሙ አትቀጥሉ። በጣም የወረደ 4ኤስ ባትሪ 3ኤስ መስሎ ሊነበብ ይችላል፤ ሙሉ 3ኤስ ደግሞ በስህተት 4ኤስ ተብሎ ከተሞላ በእያንዳንዱ ሴል ከ5 ቮልት በላይ ሊገፋበት ነው ማለት ነው። የባላንስ ገመዱ ተሰክቶ ከሆነ ቻርጀሩ ይህን ይይዘዋል፤ ካልተሰካ ግን ግምት ብቻ ነው ያለው። ባላንስ ሳይሰካ አለመሙላት የሚባለው ለዚህ ነው።

እየሞላ ሳለ ታችኛው መስመር ያለፈውን ደቂቃና የገባውን ሚሊአምፔር ሰዓት ይቆጥራል። የመጨመሪያና የመቀነሻ ቁልፎቹን ብትጫኑ የእያንዳንዱን ሴል ቮልት ታያላችሁ፤ የቢ6 ምርጡ ገጹ ይህ ነው። አራት ቁጥሮች፦ 4.08፣ 4.09፣ 4.08፣ 4.01። የመጨረሻው ሴል ዛሬ ብቻ ወደኋላ ከቀረ ምንም አይደለም፣ ባላንሱ ያስተካክለዋል። በየሙሌቱ ያው ሴል ከሌሎቹ ከ0.05 ቮልት በላይ እያነሰ የሚመጣ ከሆነ ግን እየደከመ ነው፤ በረራ ላይ መጀመሪያ የሚወድቀውም እሱ ነው። ልዩነቱ ደጋግሞ ከ0.1 ካለፈ ያ ባትሪ ከድሮን ላይ ይውረድ። የገባው ሚሊአምፔር ሰዓትም ይናገራል፦ 1500 የተጻፈበት ባትሪ በልክ ተበርሮ 1100 አካባቢ ይቀበል የነበረው፣ እዚያው ቮልት ድረስ ተበርሮ 800 ብቻ ተቀብሎ ሞላሁ ካለ አቅሙ ወርዷል።

የስክሪኑን ቁጥር ማመን የሚቻለው አንድ ጊዜ በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ከተፈተሸ በኋላ ነው። ቢ6 በብዛት ከተኮረጁ ቻርጀሮች አንዱ ነው፤ መልካቸው አንድ ሆኖ ውስጣቸው የተለያየ ቅጂዎች ሞልተዋል። አፈታተሹ ቀላል ነው፦ ሙሌቱ ካለቀ በኋላ ባትሪው ከቻርጀሩ ይነቀልና በባላንስ ሶኬቱ ፒኖች ላይ ቴስተሩን በቀጭን ጫፉ በማድረግ ጎረቤት ፒኖችን ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ ለኩ። ጫፎቹ እንዳይነካኩ ጥንቃቄ ያሻል። እያንዳንዱ ሴል 4.20 መሆን አለበት፤ የ0.01 ወይም የ0.02 ልዩነት ይታለፋል። ቴስተሩ 4.25 እያሳየ ቻርጀሩ 4.20 ካለ ያ ቻርጀር ባትሪዎቻችሁን በየቀኑ ከልክ በላይ እየሞላ ነው፤ መጠቀም አቁሙ። ቴስተሩም በተራው ሊሳሳት ስለሚችል፣ ፍርድ ከመስጠት በፊት በሌላ ቴስተር ማመሳከር ነው።

እስካሁን ቢ6 ፈተናውን አልፏል ማለት ይቻላል፤ ለትንንሽና ለመካከለኛ ባትሪዎች በትዕግሥት ለሚሞላ ሰው የሚጎድለው የለም። ወደ ማስቀመጡ ስንመጣ ነው ነገሩ የሚቀየረው።

ሊፖ ሙሉ ሆኖ ሲቀመጥ ይጎዳል። 4.20 ቮልት ላይ በአወንታዊው በኩል ያለው ኬሚካል ኤሌክትሮላይቱን ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ ጋዝ ይፈጠራል፣ ባትሪው ያብጣል፣ ውስጣዊ መቋቋሙም ይጨምራል። ሙቀት ሲታከል ደግሞ ይፋጠናል። በዚያኛው ጫፍ፣ አንድ ሴል ከ3 ቮልት እጅግ በታች ወርዶ ከቆየ በአሉታዊው በኩል ያለው መዳብ መሟሟት ይጀምራል፤ ኋላ ሲሞላ ያ መዳብ በማይገባው ቦታ ተመልሶ ይጠጥርና ከውስጥ ሾርት ሊያደርገው ይችላል። የመሐሉ ምቹ ቦታ 3.80 እስከ 3.85 ቮልት ነው፤ 4ኤስ ከሆነ በድምሩ 15.2 እስከ 15.4። የቢ6 ስቶሬጅ ፕሮግራም ሊፖን 3.85 ላይ ያደርሳል፤ ባትሪው ከዚያ በታች ከሆነ ይሞላል፣ ከላይ ከሆነ ያወርዳል። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ የጎደለው ጉልበቱ ነው።

ስሌቱን እንሥራው። ሙሉ 4ኤስ 1500 ወደ 3.85 ሲወርድ ከአቅሙ ግማሽ ያህሉ፣ ማለትም ወደ 12 ዋት ሰዓት መውጣት አለበት። በ5 ዋት ይህ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ለአንድ ባትሪ! ስድስት ባትሪ ሞልታችሁ ዝናብ ቢያስቀራችሁ 15 ሰዓት ቻርጀሩ ሥር መቀመጥ ነው። 4ኤስ 5000 ከሆነ አንዱ ብቻ ስምንት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ውጤቱ ይታወቃል፦ «ነገ እበርራለሁ» ተብሎ ባትሪው ሙሉውን ይቀመጣል፣ ነገ ሳምንት ይሆናል። በኋላ የመጣው ቢ6 ሚኒ ይሻል ይሆን ለሚል፣ መሙያው 60 ዋትና 6 አምፔር ደርሷል፤ ማውረጃው ግን ያው 5 ዋት ነው።

ቻርጀሩን ሳይቀይሩ ይህን ድክመት ማለፊያ ሦስት መንገድ አለ። የመጀመሪያውና ከሁሉ የሚሻለው በሚበርሩበት ቀን ብቻ መሙላት ነው። ከበረራ የተመለሰ ባትሪ ካረፈ በኋላ በሴል 3.6 እስከ 3.7 ቮልት አካባቢ ስለሚሆን ወደ 3.85 ለማድረስ መሙላት ነው የሚያስፈልገው፤ እሱን ቢ6 ለ4ኤስ 1500 በ20 ደቂቃ አካባቢ ይጨርሰዋል። ከመሰካቱ በፊት ግን ባትሪው ይቀዝቅዝ፤ በእጅ ሲዳሰስ ሙቀቱ እስኪጠፋ ግማሽ ሰዓት ያህል ይበቃል።

ሁለተኛው አብርሮ ማውረድ ነው፤ ዝቅ ብሎ በአንድ ቦታ ማንሳፈፍ ይበቃል፣ የድሮኑን ቮልት እያዩ።

ሦስተኛው የአምፖል ዘዴ ነው። ሁለት ባለ 12 ቮልት 21 ዋት የመኪና አምፖሎች አንዱን ከሌላው ጋር በተከታታይ አያይዛችሁ፣ ጫፉ ላይ ኤክስቲ60 ትበይዳላችሁ። በተከታታይ መሆኑ ግድ ነው፤ ነጠላ የ12 ቮልት አምፖል ሙሉ 4ኤስ ላይ ቢሰካ 16.8 ቮልት ይቀበልና ይቃጠላል፣ 6ኤስማ አይታሰብም። ሁለቱ ተያይዘው 4ኤስ ላይ 20 ዋት ገደማ፣ 6ኤስ ላይ 40 ዋት ገደማ ይበላሉ፤ ከቢ6 አራት እጥፍና ከዚያ በላይ ይፈጥናል። የባላንስ ሶኬቱ ላይ የሊፖ ማንቂያ ሰክታችሁ 3.8 ላይ አስተካክሉት፤ ሲጮህ ትነቅላላችሁ። አምፖል በራሱ አያቆምም፣ ባትሪውን እስከ ዜሮ ይመጠዋል፤ ስለዚህ ከአጠገቡ አይኬድም። መስታወቱም ያቃጥላል፤ ከፕላስቲክና ከባትሪው ይራቅ።

ስለ ማንቂያው አንድ ነገር፦ ሥራው ሲያልቅ ይነቀል። ከባትሪው ትንሽ ትንሽ ይስባል፣ ከሁሉም ሴል እኩል አይስብም፤ ለሳምንታት ተረስቶ የቀረ ማንቂያ ጤነኛ ባትሪ የገደለባቸው ብዙ ናቸው። ድሮኑ ላይ ተሰክቶ የተረሳ ባትሪም ዕጣው ያው ነው።

ቢ6 ላይ ትይዩ ቦርድ (ባትሪዎችን ጎን ለጎን የሚያገናኝ ሰሌዳ) አያይዞ ብዙ ባትሪ በአንዴ መሙላት የሚፈልግ አለ። በ50 ዋት ጥቅሙ አናሳ ነው፦ አራት 4ኤስ 1500 በ1ሲ 100 ዋት ይፈልጋሉ፣ እሱ ግማሹን ይሰጣል። አደጋውም አለ፤ በሴል ከ0.1 ቮልት በላይ የሚለያዩ ባትሪዎች በትይዩ ሲገናኙ ከፍ ያለው ወደ ዝቅተኛው ያለ ምንም ልጓም ይፈሳል። ለዚህ ቻርጀር አንድ ባንድ ይሻላል።

«ሎው ቮልቴጅ» ብሎ ቻርጀሩ አልሞላም የሚለውን ባትሪ በኒኬል ሞድ፣ ለኒኬል ባትሪዎች በተሠራው ፕሮግራም፣ እያታለሉ ማስነሳት የታወቀ ዘዴ ነው። ይነሳል፤ አዎ። ግን ቻርጀሩ እምቢ ያለው በምክንያት ነው፤ ከላይ የተነገረው መዳብ ሥራውን ሠርቶ ሊሆን ይችላል። ኒኬል ሞድ ላይ ደግሞ የሴል ጥበቃም የ4.20 ገደብም የለም፤ አንድ ደቂቃ ዞር ማለት ይበቃል። «ኮኔክሽን ብሬክ» ሲል ግን ባትሪውን አትጠርጥሩ፤ በአብዛኛው የላላ ባናና ወይም ብየዳው የተላቀቀ ኤክስቲ60 ነው።

ቀዝቃዛ ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ መሞላት የለበትም፤ ሊቲየሙ መግባት አቅቶት ገጹ ላይ ይለበጣል፣ ጉዳቱም አይመለስም። መሙያው ቦታ የሸክላ ንጣፍ ወይም ሲሚንቶ ይሁን፤ አልጋና ምንጣፍ አይደለም። ከፋይበርግላስ የተሠራው የሊፖ ቦርሳ ከትንሽ ባትሪ የሚወጣን ነበልባል ያዳክማል፣ ጭሱን ግን አይይዘውም፤ ትልቅ ባትሪ ላይ ብዙ ተስፋ አይጣልበትም። የብረት ሣጥን ይሻላል፣ የክዳኑ ጎማ ከወጣለት፤ አጥብቆ የተዘጋ ሣጥን ውስጥ ጋዝ ሲታመቅ ሣጥኑ ራሱ ቦምብ ይሆናል። ባትሪ ከነደደ ጭሱ መርዝ ነው፣ ሰው ይውጣ። ብዙ ውኃ ያቀዘቅዘዋል፤ የዱቄት ማጥፊያ ነበልባሉን ቢያጠፋም ስለማያቀዘቅዝ ተመልሶ ሊነሳ ይችላል።

ለማስቀመጫ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ፣ የመኪና ውስጥ ግን በፍጹም። በየሁለት ወሩ ሴሎቹን ለኩ። ያበጠ ባትሪ አይበሳም፣ አይጨመቅም፤ በአምፖሉ ዜሮ ድረስ ይወርድና ሽቦው በቴፕ ተሸፍኖ ባትሪ ወደሚሰበሰብበት ይሄዳል። ጨው ውኃ ውስጥ መንከሩ የቆየ ልማድ ነው፤ ጨዉ ጫፎቹን ይበላቸውና ባትሪው ውስጡ እንደሞላ ሊቀር ይችላል።

ለማን ይሆናል? ከ2200 ሚሊአምፔር ሰዓት የማይበልጡ ሦስት አራት ባትሪ ላለውና በሚበርርበት ቀን ለሚሞላ ሰው ኦርጅናሉ ቢ6 ዛሬም በቂ ነው። 4.35 ቮልት የሚደርሱ ሊፖ ኤችቪ ባትሪዎች ላሉት የመጀመሪያው ቢ6 ሞዱ የለውም፤ እስከ 4.20 ብቻ ቢሞላቸው ጥቂት አቅም ይቀራል እንጂ አይጎዱም። የዲጄአይ ዓይነት ራሳቸው የሚቆጣጠሩ ባትሪዎች በዚህ አይሞሉም፤ ለቀናት ሳይነኩ ሲቀሩ ራሳቸው ይወርዳሉና የዚህ ጽሑፍ ግማሽ አይመለከታቸውም። ስምንት አሥር ባትሪ ያለው ወይም 6ኤስ የሚያበርር ሌላ ይፈልግ። ሲፈልግም በትልቁ የተጻፈውን የመሙያ ዋት አልፎ በትንሹ የተጻፈውን የማውረጃ ዋት ያንብብ፤ 200 ዋት የሚሞሉ አዳዲስ ቻርጀሮች ውስጥ ብዙዎቹ ሲያወርዱ አሁንም ጥቂት ዋት ናቸው። የወጣውን ኃይል ወደ መግቢያው ባትሪ የሚመልሱ፣ ወይም የውጭ ማውረጃ የሚቀበሉ አሉ፤ በርከት ያለ ባትሪ ላለው ሰው የሚሆኑት እነዚያ ናቸው።